ገመዱ ሲፈታ

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጋይንት የሚያቀናው አስፋልት ጋሳይን ሲያልፍ ጉና ተራራን በስተቀኝ ይይዛል። ከመንገዱ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት መንደር፣ ገብስ ታጭዶ አውድማ ላይ በተከመረበት በአንድ ኅዳር፣ በግ ጠባቂ ልጆች ሁለት ፈረሶች አገኙ ይባላል።

አንዱ ዳማ ነው፤ ከዳሌው እስከ ጭኑ የጅራፍ ሰንበር ተጋድሞበታል። ሁለተኛዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ ባዝራ ናት፤ ጀርባዋን ገጣባ በልቶት ቁራ ይመላለስባታል። የሁለቱም ደረት ላይ ጠጉሩ ተልጦ ቆዳው ጠንክሯል። ጋሪ የጎተተ ፈረስ ያየ ሰው ያን ምልክት አይስተውም። ቆላ ወርደው ከተማ ውስጥ ሰውና ሸቀጥ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ማነከስ ሲጀምሩና የሚበሉት ከሚያስገቡት ሲበልጥ፣ ጌታቸው በሌሊት ዳገቱን አስወጥቶ አስፋልት ዳር ለቋቸው ተመልሷል። ቀሪውን ሥራ ለጅብ ትቶለታል።

ልጆቹ እየሮጡ ሄደው ለአንድ ሽማግሌ ነገሩ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጉግስ የሚጫወቱ፣ አሁን ግን ጉልበታቸው ዝሎ ከደጃፋቸው የማይርቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ፈረሶቹን ዞረው አዩ። አንድ ጎረቤት፣ «አባባ፣ ለሁለት ሬሳ ድርቆሽ ሊያወጡ ነው?» አላቸው።

«እስኪሞቱ ድረስ ሬሳ አይባሉም» አሉና ወደ በረታቸው አስነዷቸው።

ልጆቹ ደስ ብሏቸው አንድ ቁና ገብስ ከፈረሶቹ ፊት ሊያፈሱ ሲሉ ሽማግሌው ጮኹ። «ተዉ! የጠገበ ፈረስ ገብስ ይበላል፤ የተራበን ፈረስ ግን ገብስ ይበላዋል።» ፈረስ ሲከብደው እንደ ውሻ አያስመልስም፤ ከረጅም ረሃብ በኋላ ድንገት እህል የሞላበት እንደሆነ ሆዱን ታሞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ቀረበላቸው፤ ከዚያ እፍኝ እፍኝ ድርቆሽ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። ገብሱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እሱም በእፍኝ። የባዝራዋንም ገጣባ ለብ ባለ የጨው ውሃ ጠዋትና ማታ አጠቡላት። «ደግነትም ልክ አለው» አሉ ሽማግሌው፤ «በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ይገድላል።»

ፈረሶቹ ነፍስ ሲዘሩ፣ «እኔ ልግራው፣ እኔ ልግራው» የሚል ጠብ በልጆቹ መካከል ተነሣ። ሁለቱ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቀው ለመኑ። አንዱ በቡሄ ጅራፍ በማጮኽ እስከ ማዶው መንደር የታወቀ ጎረምሳ ነው። ሌላዋ የፋርጣ በጎቿን ይዛ ከጠዋት እስከ ማታ ተረተር ላይ የምትውል፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ሽማግሌው ዳማውን ለልጁ፣ ቦቃዋን ለልጅቱ ሰጡ።

«በጥምቀት ማግስት ሥራችሁን አያለሁ» አሏቸው። «ምን እንደማይ አሁን አልነግራችሁም። ይህን ብቻ ስሙኝ። የፈረስ ዓይን በግራና በቀኝ ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። የማያየው ከጅራቱ በስተኋላ ያለውንና ልክ ከግንባሩ ፊት ያለችውን ጥቂት ቦታ ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣበት በእነዚያው ነው። እናንተ በትከሻው በኩል ቅረቡ። ሳትደርሱ ድምፃችሁን አሰሙት። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ ንግግሩ ያ ነውና ቁሙ። ፈረስ መሸሽ እንጂ መዋጋት ልማዱ አይደለም፤ የሚራገጠው መሸሻ ሲያጣ ነው።»

ልጁ ሰማ፤ እጁ የሚያውቀው ግን ሌላ መንገድ ነበር፤ አባቱ ወይፈን ሲያለማምድ ያየውን። ዳማውን ከወይራ ግንድ ጋር አሳጥሮ አሰረው። ሲፈራገጥ ገመዱን አጠበቀበት፤ ጆሮውን ሲያጥፍ አለንጋ አነሣበት። ልጓሙን በግድ አጎረሰው። ታኅሣሥ ሳያልቅ ጀርባው ላይ ወጣ። ዳማው ሲመታ ይሄዳል፣ ዛቡ ሲሳብ ይቆማል። ያየ ሁሉ «የፈረሰኛ ዘር!» ብሎ አደነቀው።

ልጅቱ በበኩሏ ምንም የምትሠራ አትመስልም ነበር። በጎቿን አሰማርታ ባዝራዋ በምትግጥበት መስክ አንድ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷን ወደ በጎቹ፣ ጎኗን ወደ ባዝራዋ አድርጋ እንዝርቷን ታሾራለች። ባዝራዋ እስከ መስኩ ጫፍ ሸሽታ ትግጣለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም እንደዚያው። መንገደኛው፣ «እሷ ናት ፈረሱን የምትጠብቀው ወይስ ፈረሱ ነው እሷን?» እያለ ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማጅራቷ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማት። ልጅቱ አልዞረችም፤ እንዝርቷንም አላቆመችም። ባዝራዋ ነጠላዋን አሸተተች፣ ትከሻዋን አሸተተች፣ ጠጉሯን አሸተተች። ከዚያ ፉርር ብላ አፍንጫዋን አራገፈችና ሄዳ መጋጥ ጀመረች። ልጅቱ ያን ቀን ማታ ለእናቷ የነገረቻት «ዛሬ መጣች» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጇን መዘርጋት ጀመረች፤ መዳፏ ላይ ጥቂት ገብስ አለ። ቆይቶም ጋማዋ የሚያልቅበትን፣ ከትከሻዋ በላይ ያለውን ቦታ በጣቶቿ አከከችላት። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያው ነው፤ እዚያ ቦታ ሲታከክ የፈረስ የልብ ምት እንደሚቀንስ ተመራማሪዎች ለክተው አሳይተዋል። ልጅቱ ልኬቱን አታውቅም፤ የባዝራዋ የታችኛው ከንፈር ሲንጠለጠልና ዓይኗ ሲከደን ግን ታያለች። ገመዱን መጀመሪያ ሣር ላይ ጣለችው፤ ባዝራዋ አሸትታው ተወችው። ሌላ ቀን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። ሌላ ቀን በሁለት ጣት ሳብ አደረገችው፤ ባዝራዋ ግማሽ እርምጃ ስትራመድ ገመዱን ወዲያው አላላችላት። እንደገና ሳብ፣ እንደገና እርምጃ፣ እንደገና ላላ። ትምህርቱ ያለው መሳቡ ላይ አልነበረም፤ መላላቱ ላይ ነበር። ባዝራዋ የተረዳችው፣ ይህች ልጅ የያዘችው ገመድ ሲታዘዙት እንደሚለቅ ነው።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ከኋላ ሳያስበው ጋቢውን ቢያራግፍ ባዝራዋ በርግጋ ሄደች፤ ለመመለስ ሳምንት ፈጀባት። ልጅቱ እያለቀሰች ሽማግሌው ዘንድ ሄደች። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሏት። «ይልቅ ሳምንቱ ባከነ አትበይ። ብትሸሽም ተመልሳ ብትመጣ ማንም እንደማይመታት የተማረችው በዚህ ሳምንት ነው። ይህን ሳትሸሽ ልታስተምሪያት አትችይም ነበር።»

ጥምቀት ደረሰ። ልጁ ዳማውን በቀለም ክር አስጊጦ ታቦቱን ከሚያጅቡት ፈረሰኞች ኋላ ጋለበ፤ እልል ተባለለት። ልጅቱ ገና አንድ ቀን እንኳ ባዝራዋ ላይ አልተቀመጠችም ነበርና ከእናቷ ጎን በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ መንደርተኛው መስክ ላይ እንደተሰበሰበ ሽማግሌው ሁለቱን ልጆች ጠሩ። ሰው ሁሉ ግልቢያ ይታያል ብሎ ቦታ ለቀቀ። ሽማግሌው ግን፣ «ኮርቻውን አውርዱ። ልጓሙን አውልቁ። ገመዱን ፍቱት። አሁን ወደ ማዶ ሂዱና ፈረሶቻችሁን ጥሯቸው» አሉ።

ዳማው ገመዱ እንደወደቀለት ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆመ፤ የሚጎትተው አለመኖሩን ያላመነ ይመስል ነበር። ልጁ ከማዶ ጠራው፤ አፏጨለት። ዳማው ዞሮ መስኩን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አስፋልቱ ዳር ሄዶ ቆመ፤ ኅዳር ላይ ተጥሎ በተገኘበት ቦታ። ከጠራው ልጅ ይልቅ የጣሉበትን መንገድ መረጠ።

ቦቃዋም ወዲያው አልመጣችም። አንገቷን ደፍታ ጋጠች። ልጅቱ አንድ ጊዜ ጠራቻትና ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ባዝራዋ ትንሽ ተራምዳ እንደገና ጋጠች። የሚስቅ ሳቀ፤ የሰለቸውም ወደ ቤቱ ሄደ። የቀሩት እንዳዩት ባዝራዋ በራሷ ጊዜ፣ ሣሯን እየነጨች፣ መስኩን ሙሉ አቋርጣ መጥታ አፍንጫዋን ከልጅቱ ትከሻ ላይ አደረገች።

ልጁ ፊቱ በእፍረት ቀላ። ሽማግሌው ጠጋ አሉትና፣ «እስከ ዛሬ ሲታዘዝህ የኖረው ፈረሱ አይደለም፤ ገመዱ ነው» አሉት።

«እንግዲያው እሷ ትውሰደው፤ እኔ አልቻልኩም» አለ ልጁ።

«አይሆንም» አሉት። «ያስፈራኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቢያስታርቃችሁ ፈረሱ የሚያምነው አስታራቂውን ነው፤ አንተን አይደለም። ከዜሮ ጀምር። እንዲያውም ከዜሮ በታች ነው ያለኸውና እሱን እወቀው።»

እውነታቸውን ነበር። ልጅቱ ባዝራዋን ስትቀርብ የተፋለመችው ሌላ ሰው ካስተማራት ፍርሃት ጋር ነበር፤ ልጁ የሚፋለመው ግን ከገዛ እጁ ሥራ ጋር ነው። ዳማው ከሽማግሌው እጅ ይበላል፣ ከልጅቱ እጅ ይበላል፤ ልጁ ብቅ ሲል ግን ገብሱን ትቶ ይሄዳል። ልጁ እንደ ልጅቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ዳማው አልመጣም። የካቲት አለፈ። አንድ ቀን ሽማግሌው ከሩቅ ሲያዩት ቆይተው፣ «ያን በእጅህ የያዝከውን ምን ልታደርግበት ነው?» አሉት። ልጁ ወደ እጁ ቢመለከት ገመዱን ይዞታል። ከልማዱ የተነሣ ሁልጊዜም ይዞት ነበር፤ አላስተዋለውም። ሄዶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። በመጋቢት ማለቂያ ላይ ዳማው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዳፉ ጎረሰ፤ ጎርሶም ሳይሸሽ አላመጠ።

ክረምት ገባ። በጉና ሥር ሐምሌ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ልጆች ለቡሄ ጅራፋቸውን የሚገምዱበትም ጊዜ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ቡሄ እንደማንኛውም በዓል አይደለም፤ ከተማዋ የምትጠራበት በዓል ነው። የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፅ፣ የችቦው ብርሃን በዚያ የታየው ብርሃን ምሳሌ ነው እየተባለ ልጆች ከሕፃንነታቸው ይማራሉ። ታዲያ የመጀመሪያው ጅራፍ ከማዶ ጠራ ሲል ዳማው ላብ አጠመቀው፤ አጥር ጥሶ ሮጠ። ማታ በስንት ፍለጋ ተገኘ።

መንደሩ ተመካከረ። አንዳንዱ «ፈረሱ ይሸጥ» አለ። ልጁ ራሱ፣ «እኔ ዘንድሮ ጅራፍ አልነካም፤ ሌሎቹም ይተዉ» አለ። ሽማግሌው በሁለቱም አልተስማሙም። «ቡሄ የአገር ነው፤ ለአንድ ፈረስ ተብሎ አይቀርም። ዓለምን ሁሉ ዝም አሰኝተህ አትኖርም። ድምፁን መሸሽ ሳይሆን ድምፁ እንደማይመታው ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ማነው ጅራፉን ይዞ ማዶ የሚሄድ?»

ልጅቱ፣ «እኔ» አለች። ሴት ልጅ ጅራፍ ታጮኻለች ወይ ተብሎ ተሳቀ። እውነትም ስታጮኸው ድምፁ ልፍስፍስ ያለ ሆነ። የተፈለገው ግን ልክ እንደዚያ ያለ ደካማ ድምፅ ነበር። እሷ ከሩቁ ተረተር ላይ ቆማ ጅራፉን ታነሣለች፤ ልጁ ከዳማው ትከሻ አጠገብ ይቆማል፤ ገመድ የለም፣ መሄጃው ክፍት ነው። ጅራፉ ጠሽ ሲል አንድ እፍኝ ገብስ። ጠሽ፣ አንድ እፍኝ። ጆሮው ወደ ኋላ የታጠፈ ቀን እሷ ወደ ኋላ ትመለሳለች እንጂ አንድ እርምጃ አትጨምርም። ጆሮው የቆመ ቀን ጥቂት ትጠጋለች። ከተረተሩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ መስኩ ጫፍ፣ ከመስኩ ጫፍ ወደ አጥሩ። በመጨረሻም ጅራፉ ከእሷ እጅ ወደ ልጁ እጅ ተሻገረ።

ነሐሴ 12 ማታ ችቦ በየደጁ በራ፤ ጅራፍ በየአቅጣጫው ጮኸ። ዳማው በሽማግሌው ደጅ ሳይታሰር ቆሞ ነበር። ልጁ ካሉት ሁሉ ረጅሙን ጅራፍ አነሣና አጮኸው። ዳማው ጆሮውን ቀሰረ፤ አንገቱን አዙሮ የልጁን ኪስ አሸተተ። ገብሱን እየፈለገ ነበር።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል።

የተጣሉት ፈረሶች ግን ምሳሌ ብቻ አይደሉም። አገራችን በጋማ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ፈረሱ ብቻ 2 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ባጃጅ ጋሪን ከብዙ ከተማ መንገድ ሲያስወጣ፣ አርጅቶ ወይም አንክሶ አስፋልት ዳር የሚጣል ፈረስ ማየት ለምደናል። ተገልግሎ መጣል የእኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ካይሮ ስትደርስ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ፈረሶች ተሸጠው በከተማዋ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው፤ በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነጻ የፈረስ ሆስፒታል ከፈተች። በስሟ የሚጠራው ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል፤ ስፓና የተባለውም እንዲሁ። ለእኛ ነገሩ የሚብሰው ግን ነገሥታቱን በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ በመሆናችን ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። በአዊ ፈረሰኞች ዛሬም ጥር 23 ፈረሳቸውን አስጊጠው አደባባይ ይወጣሉ። ፈረስን በስሙ አንግሠን በአካሉ ለጅብ መስጠት እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው።

ከፈረሱ አልፎ ገመዱ ራሱ የሚያስተምረው አለ። ለዚህም ከደብረ ታቦር ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱት፣ ገደሉ መንገድ እየተቆረጠለት፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ብረቱ ደረሰ። በአንድ ወቅት በፍቅር የተከተላቸው ሠራዊትና አገር ግን አብዛኛው ከመንገድ ቀርቷል፤ እሳቸው በሞቱበት በሚያዝያ 6 ከጎናቸው የነበሩት ጥቂት ናቸው። ይህን የምጽፈው ታላቁን ንጉሥ ለመውቀስ አይደለም፤ ለአገራቸው የነበራቸውን ሕልም ማንም አይክድም። ነገር ግን የሚጎተተው ብረት ብቻ መሆኑን ከእሳቸው ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ነፍስ ያለው ነገር በራሱ ካልመጣ አይመጣም።

በየቤታችንም ይኸው ነው። አባት ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ መምህር ሲወጣ ክፍሉ ይታመሳል፣ አለቃ ሲዞር ሥራው ይቆማል። በዚህ ሁሉ የታዘዘው ገመዱ ነው። ልጅህ ያምንህ እንደሆነ ለማወቅ ስትጠራው መምጣቱን አትይ፤ ጥፋት ያጠፋ ቀን መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሮጥ እይ። ከ2,300 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን፣ ሰው በተቆጣ ሰዓት ፈረስ እንዳይቀርብ መክሯል። ምክሩን ለልጅ ብናውለው አርጩሜ ከየቤቱ ግድግዳ ይወርድ ነበር።

የመጨረሻው ነገር የጅራፉ ነው። በ2013 ዓ.ም. የቡሄ ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ገብቶ ነበር፤ የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ያን በዓል ያሳለፈችው በጦርነት ውስጥ ሆና ነው፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል ተኩስ ጨርሶ አልጠፋም፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ ጅራፍ ሊያጮኽ የደረሰ ልጅ ነው፤ ጅራፉ ሲጮኽ ሌላ ድምፅ የሚሰማው ይኖራል። እንዲህ ያለው ልጅ «አትፍራ» በሚል ትእዛዝ አይድንም። ከዳማው ጋር እንደሆነው፣ አጠገቡ የሚቆም ሰው፣ ክፍት መሄጃና ብዙ ቀን ይፈልጋል። ቂጣ እንደሚገለበጥ በአንድ ስብሰባ «ተረጋጋን» ብሎ ማለፍ ለተራበ ፈረስ ቁና ገብስ ማፍሰስ ነው።

ስለዚህ ጋሪ ያላችሁ፣ የበላችሁበትን ፈረስ ሲያረጅ አስፋልት ዳር አትጣሉት። መምህራን፣ መስከረም ላይ ክፍል ስትገቡ አርጩሜውን ከውጭ ተዉት፤ ዝምታን ከመታመን ለዩት። ወላጆች፣ ያስፈራችሁትን ልጅ በአያቱ ወይም በጎረቤት አታስታርቁት፤ ራሳችሁ ተቀመጡለት። በእጃችሁ ሥልጣን ያለም ሕዝቡን ስትጠሩ ገመዱን ፈትታችሁ ጥሩት። አመኔታን የሰበረ ራሱ ይጠግነው። ጊዜ ይፈጅበታል፤ ይፍጅበት።